ወንድሜና ቤተሰቡ ለወንጌል አገልግሎት ወደ ቻድ ሊሄዱ ነው፤ ለሽኝቱ ምን እንስጣቸው?

ታላቅ እህት
ሰላም ለሁላችሁም። ታናሽ ወንድሜ፣ ባለቤቱና ሁለት ልጆቻቸው ጥር ላይ ወደ ቻድ ይሄዳሉ። ቤተ ክርስቲያናችን ናት የምትልካቸው። መጀመሪያ ንጃሜና ተቀምጠው ቋንቋ ይማራሉ። ከዚያ በስተ ምሥራቅ ወደ አቤሼ አካባቢ ይሻገራሉ። ወንድሜ ነርስ ነው፣ ባለቤቱ አስተማሪ ናት። ልጆቹ አንዷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ትንሹ አምስት።

የሽኝቱ ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል። ዘመድ ሁሉ በየፊናው መግዛት ጀምሯል። እስካሁን የሰማሁት አራት ጋቢ፣ በመስታወት የተሠራ ትልቅ የቤተሰብ ፎቶ፣ ስማቸው የተቀረጸበት የእንጨት ዋንጫና አንድ ሙሉ የሲኒ ስብስብ ከነረከቦቱ ነው። ሁሉም ከልቡ ነው የሚሰጠው፣ እሱን አውቃለሁ። ግን ትኬታቸው የሚፈቅደው ለአንድ ሰው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው። ለአራት ሰው 184 ኪሎ ሲሉት ብዙ ይመስላል። የሚሄዱት ግን ለሁለት ሳምንት ጉብኝት አይደለም፤ ቤት ለመመሥረት ነው። ልብሱ፣ ድስቱ፣ የልጆቹ የትምህርት መጽሐፍ፣ የወንድሜ የሥራ ዕቃ ሁሉ እዚያ ውስጥ መግባት አለበት።

የተሰጣቸውን ዕቃ ለዘመድ አደራ ብለው ጥለው እንዲሄዱ አልፈልግም። እነሱም ከብዷቸው ይሄዳሉ፣ ሰጪውም ሲሰማ ያዝናል። እዚያ ሄዶ ሥራ የሚሠራ ስጦታ ነው የምፈልገው። የምታውቁ፣ የሸኛችሁ፣ የተሸኛችሁ እስቲ አካፍሉኝ።

ሰናይት ከሐዋሳ
እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ጌታ ረዳችሁ። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ማየት ደስ ይላል።

አንድ ሰው ማስተባበር አለበት፣ እሱም አንቺ ነሽ። የቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ ካላችሁ እዚያ ላይ ዝርዝር አውጪ። ከዚያ በፊት ግን ባለቤቱን ለብቻዋ ጠይቂያት። ወንድምሽን ብትጠይቂው «ምንም አያስፈልገንም፣ ጸልዩልን» ነው የሚልሽ። ወንዶቹ ሁሌም እንደዚያ ናቸው። እሷ ግን ማታ ማታ ሻንጣ እየከፈተች እየዘጋች ስለሆነች ምን እንደጎደለ ጠንቅቃ ታውቃለች።

ጋቢውን በተመለከተ አራት ይበዛል። አንዱ ይሂድ። ሌሎቹ ሰጪዎች በኩታ ወይም በነጠላ ቢቀይሩት ይሻላል። ይቀላል፣ ለሙቀት አገርም ይሆናል። ሽሮ ሜዳ የገዙት ከሆነ ባለሱቁ ሳይቆይ ከሄዳችሁ ይቀይራል።

ንጃሜና የኖረች
ሰላም እህቴ። ባለቤቴ በሥራ ምክንያት እዚያ ተመድቦ ስለነበር ንጃሜናን በደንብ አውቃታለሁ። ስለ ምግቡ ልንገርሽ፤ ሰው ሲሸኝ በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ጤፍ አትጫኑ። ኪሎውን ይበላባችኋል፣ ያልቃልም። ቻድ የማሽላ አገር ናት። የእነሱም ዋና ምግብ ከማሽላና ከዘንጋዳ መሰል እህል የሚሠራ ገንፎ ነው። በማሽላ እንጀራ ያደገ ሰው እዚያ አይቸገርም። የሚቸግረው እርሾ ነው። ስለዚህ ለባለቤቱ የምትሰጪያት ትልቁ ስጦታ የደረቀ እርሾ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ከጥሩ ቡሆ ላይ እርሾውን ትወስጂና ንጹሕ ላስቲክ ላይ ስስ አድርገሽ ትቀቢዋለሽ። ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ቦታ ይደርቃል። ኃይለኛ ፀሐይ አያግኘው። ደርቆ መፈርፈር ሲጀምር ሰብስበሽ፣ በእጅሽ አድቅቀሽ በትንሽ ጠርሙስ ታሽጊዋለሽ። እዚያ ስትደርስ ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ዱቄት ትቀሰቅሰዋለች። በመጀመሪያው ቀን ዝም ቢላት አትደንግጥ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ዱቄት እየጨመረች ብትጠብቅ አረፋ ማውጣት ይጀምራል። ክብደቱ ከእፍኝ አይበልጥም።

የኤሌክትሪክ ምጣድም አትግዙ። አንዱ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። አቤሼ አካባቢ በጄኔሬተርና በሶላር ነው የሚኖረው፤ ያንን የሚችል ቤት አይገኝም። ሸክላውም መንገድ ላይ ይሰነጠቃል። የማይዝ ሰፊ መጥበሻ ከነክዳኑ ይበቃል። እንጀራዋ ትንሽ ትሆናለች እንጂ ዓይን ታወጣለች።

በርበሬ ይሂድ፣ ሚጥሚጣ ይሂድ። ሽሮ ግን በልኩ፤ አንድ ኪሎ ሽሮ ለአራት ሰው ቤት ብዙ አይቆይም፣ አንድ ኪሎ በርበሬ ግን ወራት ይሄዳል። ሁለቱንም በድርብ ላስቲክ አሽጉ።

ቅቤ አንጥራችሁ እንዳትልኩ! ሙቀት ሲያገኘው ይቀልጣል፣ ክዳኑን ያልፋል፣ የሻንጣውን ልብስ ሁሉ ያበላሻል። አንድ ጎረቤታችን ላይ ሲደርስ አይቻለሁ፤ የልጆቹ ልብስ ሽታው ሳይለቅ ቀረ። ቻድ የከብት አገር ናት፣ ቅቤ እዚያው ሞልቷል። የሌለው ማንጠሪያው ነው። ኮሰረት፣ ኮረሪማ፣ አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ደረቅ በሶብላ። ኮሰረትን በተለይ በብዛት ስጧት። ላባ ነው፣ እዚያም በምንም ተአምር አታገኘውም። ማንም ዘመድ «እኔ ምን ልግዛ» ቢልሽ የቅመም ከረጢት በይው።

ጀበና ሁለት ይሁን። አንዱ መሰበሩ አይቀርም። አንገቱ ላይ ነጠላ ጠምጥማችሁ፣ ሆዱን በካልሲ ሞልታችሁ ድስት ውስጥ ክተቱት። ሲኒና ረከቦት ይቅር፤ እዚያ ለሻይ የሚጠቀሙባት ትንሽ ብርጭቆ ለቡናም ትሆናለች። ዕጣን ግን አትርሱ። የቻድ ሴቶችም ቤታቸውን በዕጣን ያጥናሉ፣ ይወዱታል። የወንድምሽ ሚስት ጎረቤቶቿን ቡና ጠርታ ዕጣኑ ሲጨስ እንግድነቷ በአንድ ቀን ግማሽ ይቀላል። ቋንቋውም ከቡናው ጋር ይመጣል።

ታላቅ እህት
ተባረኪልኝ! የእርሾውን ነገር ሰው ሁሉ ዘንግቶት ነበር። እናቴ ዛሬውኑ ልታደርቅ ተነሥታለች። የአምሳ ዓመት እንጀራ ጋጋሪ ናት፤ «ይሄማ የኔ ሥራ ነው» ብላ ሌላ ሰው እንዳይነካው ከለከለች።

ከተልእኮ የተመለሰ
እህቴ ሆይ፣ ጸጋ ይብዛልሽ። እኔና ባለቤቴ ውጭ አገር አገልግለን ነው የተመለስነው። የትኛው አገር እንደነበር አልጽፍም፣ ምክንያቱንም አሁን ትረጂዋለሽ።

ስለ ዋንጫው ልናገር። «ለሚስዮናዊው ወንድማችን» የሚል፣ የቤተ ክርስቲያን ስምና ማኅተም ያለበት ነገር ሻንጣ ውስጥ መግባት የለበትም። ቻድ በሕገ መንግሥቷ ሃይማኖትና መንግሥት የተለያዩባት አገር ናት፤ ክርስቲያኖችም በተለይ በደቡቡ ብዙ ናቸው። ወንድምሽ የሚሄድበት ምሥራቁ ግን ከጥንት ጀምሮ ሙስሊም አካባቢ ነው። እዚያ በነርስነቱና በጥሩ ጎረቤትነቱ ቀስ ብሎ ነው የሚታወቀው። ከመድረሱ በፊት አንድ ፍተሻ ላይ የወጣ ዋንጫ እንዲያስተዋውቀው አይገባም። ቲሸርት ላይ የሚታተመውንም፣ በስማቸው የሚዘጋጀውን ባነርም ይመለከታል። ባነሩ እዚህ አዳራሹ ውስጥ ይሰቀል፣ ይቅር አልልም። ዋንጫውም ለእናታችሁ ቤት ይሁን።

ከዚህ የሚብሰው የሽኝቱ ቪዲዮ ነው። ቤተሰቡ በፍቅር ፌስቡክ ላይ ይለጥፈዋል፤ የከተማው ስም፣ የልጆቹ ፊት፣ የሚሄዱበት ዓላማ ሁሉ ተዘርዝሮ። አንዴ ከወጣ አይመለስም። ፕሮግራሙ ከመጀመሩ በፊት መድረክ መሪው በግልጽ ይናገር። ይህን መጠበቅ ራሱ ለእነሱ የሚሰጥ ስጦታ ነው፤ እኔ ከሁሉ አስበልጬ የማየው ይህንን ነው።

ገንዘብን በተመለከተ በሽኝት ዕለት በፖስታ የሚሰጥ ብር እዚህ እያሉ ያልቃል። ለትኬት፣ ለቪዛ፣ ለክትባት ይሄዳል። የሚያስፈልገው ከስድስት ወር በኋላ ነው። ሽኝቱ ተረስቷል፣ የቤት ኪራይ ግን በየወሩ በአገሩ ገንዘብ፣ በሴፋ ፍራንክ ይጠየቃል። ዘመዶቻችሁ ትልቅ ገንዘብ በአንዴ ከሚሰጡ ትንሽ በየወሩ ቃል ይግቡ። በቤተ ክርስቲያኗ የተልእኮ ክፍል በኩል ይላክ። በግል በሰው እጅ መላላክ መጨረሻው ጭቅጭቅ ነው።

አንድ ጥሩ ነገር ደግሞ ልጨምር። ጠንካራ ሽፋን ያለው የማስታወሻ ደብተር ስጧቸው። አስቴር ጋኖ ከመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚው ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ስትሠራ የኦሮምኛ ቃላትን፣ ተረቶችንና ዘፈኖችን ከምታስታውሰው እየጻፈች አከማችታለች። ያ ሥራ ነው በእ.ኤ.አ. 1899 ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ እንዲታተም ትልቅ ድርሻ ያበረከተው። ሰው የሚናገረውን ሰምቶ በእጁ የሚጽፍ ሰው ቋንቋ ይገባዋል። የቻድ ዐረብኛ ከገበያና ከጎረቤት አፍ የሚለቀም ቋንቋ ነው። ፈረንሳይኛው ለቢሮ ይሆናቸዋል።

የሕፃናት መምህርት
ስለ ልጆቹ ማንም አላነሣም። እኔን የሚያሳስቡኝ እነሱ ናቸው። ውሳኔው የወላጆቻቸው ነው፣ ጓደኛና ትምህርት ቤት የሚያጡት ግን እነሱ ናቸው።

ለትንሹ የፊደል ገበታ ስጡት፣ ከሀ እስከ ፐ 231ዱም ያሉበት፣ በላስቲክ የተለበደ። አምስት ዓመቱ ነው፤ ትምህርት ቤት በፈረንሳይኛ ሲጀምር አማርኛ ማንበብ ሳይጀምር ይቀራል። ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ በየቀኑ ያየዋል። ለትልቋ የሦስተኛና የአራተኛ ክፍል የአማርኛ መማሪያ መጽሐፍ ይሂድላት።

አያታቸው በሕይወት ካሉ ግን ከዚህ የሚበልጥ አለ። ተረት እንዲናገሩ አድርጊና በስልክ ቅጂ። «ተረት ተረት» ሲሉ ልጆቹም «የላም በረት» እያሉ ይግቡበት፣ ድምፃቸው አብሮ ይቀረጽ። ስማቸውን እየጠሩ ያውሯቸው። በሜሞሪ ካርድ ላይ አድርጊው፤ ኢንተርኔት ደካማ በሆነበት ቦታ ከበይነ መረብ ማውረድ አይታሰብም። ማታ ማታ ሲተኙ ያዳምጡታል። አማርኛቸው የሚቆየው በእንዲህ ያለ ነገር ነው።

አሻንጉሊት አይግዛ ማንም። ትልቋ አንድ የምትወደው ካላት እሱን ብቻ ይዛ ትሂድ።

ፋርማሲስቱ
በአጭሩ። አዲስ አበባ ያደገ ልጅ ወባ አያውቅም፣ ሰውነቱ አልለመደም። በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ለየአልጋው ይሂድ። ብዙ አይከብድም። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳቸውን አሁኑኑ ያውጡ፣ ከፓስፖርቱ ጋር በእጅ ይያዝ።

ነርስ ለሆነው ወንድምሽ ባትሪ የማይፈልግ የደም ግፊት መለኪያና ጥሩ ስቴቶስኮፕ ከማንኛውም ዋንጫ ይሻላል። ጓደኞቹ ተዋጥተው ቢገዙለት ዕድሜ ልኩን ያስታውሳቸዋል። በሶላር የሚሠራ መብራትም ጥሩ ነው። ፓወር ባንክ የሚሰጥ ካለ እጅ ሻንጣ ውስጥ ብቻ ነው የሚገባው፤ ወደ ጭነት ከገባ አየር መንገዱ ያስወጣዋል። መጠኑም ከ100 ዋት ሰዓት አይለፍ።

የእድር ጸሐፊ
እኔ ደግሞ በሻንጣ ስለማይገባው ስጦታ ልጻፍ።

በሰፈራችን እድር ጸሐፊ ሆኜ ሳገለግል ቆይቻለሁ። ሰው ውጭ አገር ሲሄድ በመጀመሪያ የሚቋረጠው እድሩ ነው። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። ወርኃዊ መዋጮው ይረሳል፣ ቅጣት ይከማቻል፣ ቀብር ላይ አልተገኘም ተብሎ ይጻፍበታል፣ በደንቡ መሠረት ይሰረዛል። ከዓመታት በኋላ አባት ወይም እናት ሲያርፉ ልጁ ሩቅ አገር ነው፣ በእሱ ስም የሚተከል ድንኳን የለም። የዚያን ቀን የሚሰማውን አስቡት። ለቅሶ ሊደርስ አልቻለም፣ እድርተኛውም የእሱ አይደለም።

ስለዚህ ከእህት ወንድሞቹ አንዱ ይህን ይቀበለው። ከወንድምሽ ጋር አብሮ ወደ እድሩ ዳኛ ይሂድ። «እሱ በሌለበት እኔ እከፍላለሁ፣ ቀብርም እኔ እደርሳለሁ» ይበል። አንዳንዱ እድር ተወካይ ይቀበላል፣ አንዳንዱ ለጠቅላላ ጉባኤ ያቀርበዋል። ከመሄዳቸው በፊት መዝገብ ላይ ይጻፍ። በቃል የተባለ ነገር አመራር ሲቀየር ይጠፋል። የዓመቱንም በአንዴ ከፍሎ ደረሰኙን ለወንድምሽ መስጠት ይቻላል። እኔ ብሆን በሽኝቱ ዕለት በፖስታ አድርጌ የምሰጠው ያንን ደረሰኝ ነው።

ሌላው የእናታችሁ ነገር ነው። አብዛኛው ሚስዮናዊ እዚያ ሄዶ ሌሊት የሚያስጨንቀው ሙቀቱና ቋንቋው አይመስለኝም። ወላጅ ነው። እናቴን ማን ሐኪም ቤት ይወስዳታል? መድኃኒቷ ሲያልቅ ማን ያየዋል? እስከ ዛሬ ወንድምሽ ነርስ ስለሆነ ይህ ሁሉ በእሱ ጫንቃ ላይ የነበረ ይመስለኛል። እዚያ ቤት ውስጥ ነርስ የሆነ ልጅ ካለ ሁሌም እንደዚያ ነው። ተሰብሰቡና ተከፋፈሉት። ማን የክትትል ቀጠሮ ይይዛል፣ ማን መድኃኒት ይገዛል፣ ማን ቅዳሜ ቅዳሜ ያድራል። ጻፉትና ለወንድምሽ አሳዩት። ስም ያለበት ወረቀት ይሁን። «አታስብ፣ እኛ አለን» ማለት ደግ ነው፣ ግን ማንን ቀድሞ መደወል እንዳለበት አይነግረውም።

ውክልናውንም አትርሱ። ቤት፣ መኪና፣ የባንክ ጉዳይ ካለ ወደ ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ሄደው ይስጡ። ከሄዱ በኋላ በኤምባሲ በኩል ማድረግ እጅግ አድካሚ ነው። የስልክ ቁጥራቸውም እንዳይዘጋ አንድ ሰው ካርድ እየሞላ ይጠብቅላቸው፤ የባንኩ የማረጋገጫ መልእክት የሚመጣው በዚያ ቁጥር ነው።

ታላቅ እህት
ጋሼ፣ እንባዬ መጣ። ትክክል ነዎት፣ የእማዬ የስኳር ክትትል ሙሉ በሙሉ በእሱ እጅ ነው። እሷም ከእሱ ሌላ ሰው መርፌ እንዲወጋት አትፈልግም። ነገ ወንድሞቼን እጠራለሁ። እኔም እሱ ከመሄዱ በፊት መርፌውን እንዲያስተምረኝ አደርጋለሁ፣ እማዬም እጄን እንድትለምድ።

የሩቅ ዘመድ
ሁላችሁም ጥሩ ጽፋችኋል። ግን አንድ ነገር ልቃወም።

ሁሉን ነገር በጥቅሙና በኪሎው ብቻ አንመዝን። የእኔ እህት ለአገልግሎት ወደ ሕንድ ስትሄድ እኛም እንዲህ ጠንቅቀን አዘጋጅተን ነበር። አንዲት አክስታችን ከገጠር አንድ ትልቅ ማሰሮ የሚያህል ቋጠሮ ጭኮ ይዛ መጣች። የቀረነው ሁሉ «ኪሎ አልፏል» አልን። እህቴ ግን ጫማዎቿን አውጥታ ጭኮውን አስገባች። አክስታችን የምታየው ጫማ መቀነሱን አልነበረም፤ ልጇ ስንቋን ተቀብላ መሄዷን ነው። እህቴም እስካሁን ስትደውል ስለዚያ ጭኮ ታነሣለች።

እናታችሁ ጋቢ ሰጥታ ከሆነ የእሷ ጋቢ ይሂድ። ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ይመዝን። በታኅሣሥና በጥር ሌሊት እዚያም ይቀዘቅዛል ይባላል። ባይቀዘቅዝም ይሂድ። ከሌላው ሰው የሚቀነሰው ይቀነስ፣ ከእናት እጅ ግን ምንም አይመለስ።

ንጃሜና የኖረች
ይቀዘቅዛል፣ እውነት ነው። ሌሊቱን ከአቧራማው ነፋስ ጋር ጋቢ ይፈለጋል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ግን ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚወጣ ልብሳቸው በብዛት ስስ ጥጥ ይሁን። ለእሷ ደግሞ ረዘም ያለ ቀሚስና ሰፊ ነጠላ ስጧት፤ እዚያ ሴቶች ተከናንበው ነው የሚወጡት፣ ነጠላችን ለዚያ ልክ ነው።

ሰናይት ከሐዋሳ
እኔም በዚህ እስማማለሁ። የእናት ጋቢ ከዝርዝሩ ውጭ ነው።

ሌላ ትዝ ያለኝ የግድግዳ ካላንደር ነው። የእኛም የፈረንጁም ቀን ያለበት። በጣም ቀላል ነገር ነው፣ ግን እዚያ ሆነው መስከረም 1 መቼ እንደሚውል፣ ገና መቼ እንደሆነ በሰው ሳይነገራቸው ያያሉ። የቤተሰቡን ልደትና የአባታችሁን መታሰቢያ በእጅሽ ጻፊበት። በሰዓት ከእኛ ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆኑ እሑድ ከሰዓት በኋላ ለመደዋወል ይመቻችኋል።

ታላቅ እህት
ሁላችሁንም ጌታ ይባርካችሁ። ትናንት ተሰብስበን ነበር፣ የደረስንበትን ልንገራችሁ።

የእማዬ ጋቢ ይሄዳል። ሦስቱ ጋቢ በአንድ ኩታና በሁለት ነጠላ ተቀየረ። ሰጪዎቹም አልተከፉም፣ እንዲያውም ምክንያቱን ሲሰሙ ቅመም ልጨምር ብለው ተሻሙ። ዋንጫው እማዬ ሳሎን ይቀመጣል። የመስታወቱን ፎቶ ወደ ትንሽ አልበም ቀየርነው። ረከቦቱን የሰጠችው የአጎቴ ልጅ ናት፤ እሷ በምትኩ ዕጣንና ሁለት ጀበና ልትገዛ ተስማማች። ፌስቡክ ላይ ምንም እንዳይለጠፍ ለሁሉም ተነግሯል፣ መድረክ መሪውም ያውቃል።

እድሩን ትልቁ ወንድሜ ወስዶታል። የእማዬን ቀጠሮ እኔ፣ መድኃኒቱን ታናሽ እህታችን፣ ቅዳሜ ማደሩን ሦስቱ የትልቁ ወንድሜ ልጆች በተራ። ወረቀቱን ሁላችንም ፈርመንበታል። ወንድሜ ሲያነበው ምንም አልተናገረም። ሁለቴ አነበበው፣ አጥፎ ፓስፖርቱ ውስጥ ከተተው።

የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነው። ኮሰረት መርካቶ ሄጄ አቧራ የበዛበት ነገር ነው ያገኘሁት፣ ሽታም የለውም። ደህናውን የት ላግኝ? ስንት ኪሎስ ይበቃል?

ንጃሜና የኖረች
የተፈጨ አትግዢ፣ ሽታው የሚጠፋው እዚያ ላይ ነው። ከነቅጠሉ የደረቀውን ፈልጊ። ቅጠሉን በጣትሽ ስታሺው ሽታው ወዲያው ካልተነሣ የከረመ ነውና ተዪው። የጉራጌ ጎረቤት ካለችሽ እሷን ጠይቂ፤ ለክትፎ ቅቤ ከአገር ቤት የምታስመጣው አታጣም። ግማሽ ኪሎ ከበቂ በላይ ነው። በደንብ የሚከደን ቆርቆሮ ውስጥ አድርጊው፣ አለዚያ ሻንጣው ውስጥ ያለውን ቡና ጭምር ኮሰረት ኮሰረት ያሰኘዋል።